ከዓባይ ድንጋይ ሥር የወጣው ባለ ጢም ዓሣ

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ዳር፣ በአሮጌ አጎበር ትንንሽ ዓሦች ስናወጣ ከትንሽ ጣት የማይረዝም፣ ቀጭን፣ ጎኑ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ አፉ ዙሪያ ጢም ያለው ዓሣ አገኘን። ዓሣ አጥማጆቹ የአምባዛ ጫጩት ነው አሉን። አንድ ተማሪዬ ግን ኢንተርኔት ላይ ያየውን ፎቶ አምጥቶ ሎች የሚባል የእስያ ዓሣ ነው ብሎ ይከራከራል። የእስያ ዓሣ ጣና ላይ ምን ያደርጋል? ወይስ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ አግኝተን ይሆን? ሁለቱን አልኮል ውስጥ አስቀምጠናል፤ ሦስቱ ክፍል ውስጥ በመስታወት ገንዳ በሕይወት አሉ። ምን ብናደርግ ይሻላል? ሁለት ፎቶ አያይዣለሁ።»

መልስ፦

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎችዎ መልስ እየጠበቁ ስለሚሆን መልሱን አስቀድማለሁ። ፎቶዎቹ ላይ የሚታየው አምባዛ አይደለም። ሎች ነው ለማለት የሚያስደፍር ብዙ ነገር አለው። ሎች ከሆነ ደግሞ፣ ከተያዘበት ቦታ አንጻር፣ የመጀመሪያ ግምቴ አፍሮኔማኬይለስ አቢሲኒከስ ነው፤ ይህ ዝርያ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ከዚያው ከባሕር ዳር በተወሰደ ዓሣ ላይ ስም የወጣለት ነው። አዲስ ዝርያ የሚለውን ሐሳብ ከግምቶቹ ሁሉ መጨረሻ ያስቀምጡት። ልጆቹ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አሮጌው ዝርያ ቢሆን ከአዲሱ አብልጬ እደሰታለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ግምት እያልኩ የምጠነቀቀው በፎቶዎቹ የተነሣ ነው። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የተነሡ ናቸው። ከላይ ሲታይ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ዓሣ ሁሉ አንድ መልክ አለው፤ ጀርባው የድንጋዩን ቀለም ይይዛል፣ ራሱ ጠፍጠፍ ይላል፣ የደረት ክንፎቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ይህ መልክ ዓሣ በል ወፍን የሚያሳስት ነውና የእርስዎን ካሜራ ቢያሳስት አይገርምም። የእንዲህ ዓይነት ዓሣ መለያ ያለው በሆዱ በኩል ነው። ስለዚህ አልኮል ውስጥ ካሉት አንዱን አውጥተው ነጭ ሳህን ላይ በጀርባው ያስተኙት፣ ጥሩ አጉሊ መነጽር ይያዙና ከጢሙ ይጀምሩ።

ጢም አለው ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጣና ውስጥ ጢም ያላቸው ዓሦች ብዙ ናቸው። ቁም ነገሩ ስንት ጥንድ እንደሆነና ከየት እንደሚበቅል ነው። አምባዛ አራት ጥንድ፣ ማለትም ስምንት ጢም አለው፤ አንዱ ጥንድ ከአፍንጫው ቀዳዳ አጠገብ፣ አንዱ ከላይኛው መንጋጋ፣ ሁለቱ ደግሞ ከታችኛው መንጋጋ ሥር ይበቅላሉ። የእርስዎ ዓሣ እኔ የምገምተው ከሆነ ሦስት ጥንድ ብቻ ይኖረዋል፤ ሁለቱ ጥንድ ከአፉ በላይ በአፍንጫው ጫፍ ተሰልፈው፣ ሦስተኛው በአፉ ማዕዘን ላይ። አገጩ ሥር አንድም ጢም አያገኙም። ልጆቹ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህችን ይያዙ፤ አገጩ ባዶ ከሆነ አምባዛነቱ እዚያው ላይ አበቃ። ነጭ ዓሣ የሚባሉት የላቤኦባርበስ ጫጩቶችና ትንንሾቹ ባርበሶች ደግሞ ከሁለት ጥንድ አይበልጡም፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በጣም አጫጭር ነው። አልኮል ውስጥ የቆየ ዓሣ ጢሙ ተጠቅልሎ ከከንፈሩ ጋር ይጣበቃል። በቀጭን መርፌ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ያንሡት እንጂ በእይታ ብቻ አይቁጠሩ። አንዱ ጎን ላይ ጢም ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ጎን ለየብቻ መቁጠር ግድ ነው።

ከጢሙ ቀጥሎ ወደ ጀርባው ክንፍ ይሂዱ። የአምባዛ የጀርባ ክንፍ ከራሱ ኋላ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ሥር ይዘልቃል። በውስጡ ክንፉን እንደ ዣንጥላ ዘንግ የሚዘረጉት ለስላሳ ጨረሮች ከ60 በላይ ናቸው። የሎች የጀርባ ክንፍ አጭር ነው፤ ከሰውነቱ መሐል አካባቢ ተነሥቶ ወዲያው ያልቃል፣ ጨረሮቹም በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የእርስዎ ሁለተኛ ፎቶ ላይ ዓሣው ትንሽ ወደ ጎን ስላዘነበለ ይህች አጭር ክንፍ በግልጽ ትታያለች። አምባዛ አይደለም ብዬ በድፍረት የጀመርኩትም በእርሷ ነው።

ሦስተኛ ማረጋገጫ ከፈለጉ ጥርሱን ይመርምሩ። አምባዛ መንጋጋው ላይ እንደ ሞረድ የሚሻክሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ሎች፣ እንደ ነጭ ዓሣና እንደ ባርበስ ሁሉ፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሶቹ ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። የመርፌው ጫፍ ከንፈሩ ውስጥ ሲንሸራተት ካልተያዘ ሌላ ማስረጃ አግኝተዋል። ቆዳውን ግን እንደ መለያ አይጠቀሙበት። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ሎችም ቅርፊቱ እጅግ ደቃቅ ወይም የጠፋ ስለሚሆን በዓይን ብቻ ሲታይ ሁለቱም ራቁት ይመስላሉ። ዓሣ አጥማጆቹን ያሳሳታቸውም ይኸው ይመስለኛል፦ ልሙጥ ቆዳና ጢም። አልፈርድባቸውም። ኑሯቸው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው፤ የመረባቸው ዓይን ይህን የሚያህል ዓሣ አያስቀርም፤ ቢያስቀርም ለገበያ አይሆንም። በትልልቆቹ ዓሦች ላይ ያላቸው ዕውቀት ከብዙ ተመራማሪ የሚልቅ ሰዎች ናቸው።

አሁን አምባዛን ትተን ይበልጥ ወደሚያሳስተው እንለፍ። ጋራ የሚባለው የዓሣ ወገን (ወገን ማለት የተዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ ነው) በዚሁ በጣናና በገባሮቹ ድንጋያማ ቦታዎች ይኖራል። ከተፋሰሱ ከሚታወቁት መካከል ጋራ ዴምቤንሲስና ጋራ ዴምቤቻ አሉ፤ በሐይቁ ውስጥ ደግሞ ጋራ ታናና ጋራ ሬግሬሰስ የተባሉ ሁለት ዝርያዎችን ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ገልጸዋል። ጋራም ታች ይተኛል፣ ቡናማ ነው፣ በድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከላይ ሲታይ ከሎች ጋር ያምታታል። ገልብጠው ሲያዩት ግን ከታችኛው ከንፈሩ ኋላ ክብ ሥጋማ መለጠፊያ አለው። መጠኑና ጥራቱ ከዝርያ ዝርያ ቢለያይም ሎች ላይ እንዲህ ያለ አካል የለም። ጋራ ከዚህ ሌላ ጎኑ ላይ በዓይን የሚቆጠር ቅርፊት አለው። ልጆቹ በአጎበር ካወጧቸው ሌሎች ዓሦች መካከል ጋራ ሳይኖር አይቀርምና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩአቸው፤ ከእኔ መልስ የበለጠ ይማሩበታል።

ትንንሾቹን ባርበሶች፣ ማለትም ኤንቴሮሚየስ ሁሚሊስን፣ ኤንቴሮሚየስ ፕሌውሮግራማንና ኤንቴሮሚየስ ታናፔላጊየስን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላልፋቸው፦ ብርማ ናቸው፣ ቅርፊታቸው ያንጸባርቃል፣ ከታች አይተኙም።

እስካሁን ያለው ሎችን ከሌላው ለመለየት ነው። ሎች መሆኑ ከታወቀ በኋላ የትኛው አስተኔ (የተቀራረቡ ወገኖች ቤተሰብ) ውስጥ ይገባል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እዚህ ላይ አንዲት እሾህ ትወስናለች። ኮቢቲዴ የሚባለው አስተኔ አባላት ከዓይናቸው በታች፣ ቆዳ ውስጥ የምትታጠፍና ሲነኩ የምትቆም፣ ጫፏ ሁለት የሆነ እሾህ አለቻቸው። ኔማኬይሊዴ የሚባሉት የላቸውም። መርፌውን ከጉንጩ ኋላ አንሥተው በዓይኑ ሥር ወደፊት ይጎትቱት፤ እሾህ ካለች ትይዘዋለች። የእርስዎ ዓሣ ላይ ምንም እንደማይዝ እጠብቃለሁ። ከያዘ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል፦ ኮቢቲዴ በአፍሪካ የሚታወቀው በሞሮኮ ነው፤ ጣና ላይ ቢገኝ ከሰው ቤት የጌጥ ዓሣ ገንዳ የተለቀቀ ይሆናል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ያን ጊዜ ወዲያው ይጻፉልኝ።

ተማሪዎ የእስያ ዓሣ ነው ማለቱ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ኔማኬይሊዴ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ያሉት አስተኔ ሲሆን የሚኖሩት በእስያና በአውሮፓ ነው። በዮርዳኖስ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ እንኳ ዘመዶቹ አሉ። በአፍሪካ ያለው ግን አፍሮኔማኬይለስ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚኖረው በኢትዮጵያ ነው። ይህን ለክፍሉ ሲነግሯቸው ትንሽ ቆም ይበሉበት። እንደ ኮንጎ፣ ኒጀርና ዛምቤዚ ያሉት ታላላቅ ወንዞች የማያውቁት አስተኔ አባል በባሕር ዳር ዳር ድንጋይ ሥር ይኖራል። እንዴት መጣ? ቀይ ባሕር ከመከፈቱ በፊት ዓረቢያና አፍሪካ አንድ ምድር ስለነበሩ በዚያ በኩል መጣ ብሎ ማሰብ ይቀላል። ማሰብና ማሳየት ግን የተለያዩ ናቸው፤ የሚያሳየው የዘረ መል ንጽጽር ነው፤ ለንጽጽሩ ደግሞ ከየቦታው አዲስ ናሙና ያስፈልጋል። የእናንተ ዓሣ ዋጋ የሚታየኝ ከዚህ ጀምሮ ነው።

የስሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ኤድዋርድ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ በጣና ዙሪያ የያዛቸውን ዓሦች ወደ ለንደን ላከ። በዚያ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ቤልጅጋዊው ጆርጅ አልበርት ቡላንዠ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእነርሱ መካከል አንዱን በሰፊው ይታወቅ በነበረው የኔማኬይለስ ወገን ውስጥ አስገብቶ አቢሲኒከስ የሚል የዝርያ ስም ሰጠው። የነበረው ናሙና አንድ ብቻ ነው፤ ከባሕር ዳር የተወሰደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዝርያው የሚታወቀው በዚያች አንዲት ዓሣ ብቻ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጥናት ጉዞ አባላት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዞች ሎች አገኙና እ.ኤ.አ. በ1994 አሳወቁ፤ መጀመሪያም ያው አቢሲኒከስ ነው ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎቹ ጎሉብትሶቭና ፕሮኮፊየቭ የኢትዮጵያውን ሎች ከእስያዎቹ ለይተው አፍሮኔማኬይለስ የሚል የራሱን ወገን ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የኦሞ ቱርካና ተፋሰስ ሎች ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው አፍሮኔማኬይለስ ካፋ አሉት።

ስለዚህ ዛሬ ሙሉ ስሙ ሲጻፍ አፍሮኔማኬይለስ አቢሲኒከስ (ቡላንዠ፣ 1902) ተብሎ ነው። የሰውየው ስም በቅንፍ ውስጥ መግባቱ ለጌጥ አይደለም። ዝርያውን መጀመሪያ የገለጸው ሰው ያስገባበት ወገን ከተለወጠ ስሙ በቅንፍ ይገባል፤ ካልተለወጠ ያለ ቅንፍ ይጻፋል። ተማሪዎችዎ የድሮ መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ዓሣ በኮቢቲዴ፣ ሌላው ላይ በባሊቶሪዴ፣ አዲሱ ላይ በኔማኬይሊዴ ሥር ቢያገኙት አይደናገጡ። ዓሣው ያው ነው፤ የተንቀሳቀሰው የቤተሰቡ ድንበር ነው። ኔማኬይለሶች መጀመሪያ ከኮቢቲዴ፣ ኋላም ከባሊቶሪዴ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ አስተኔ ሆነዋል።

አሮጌው ቢሆን እመርጣለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ዝርያ ስም ሲወጣለት ስሙ የሚታሰረው ከአንድ ናሙና ጋር ነው። ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ ይህ አቢሲኒከስ ነው ወይስ ሌላ ሲባል፣ ዳኛው ያ ናሙናና የተገኘበት ቦታ ነው። የኦሞውን ሎች ለመለየት የጣናው መለኪያ ነበር፤ ወደፊት ከሌላ ወንዝ ሎች ቢገኝም የሚነጻጸረው ከባሕር ዳሩ ጋር ነው። የለንደኑ ናሙና ከመቶ ዓመት በላይ ጠርሙስ ውስጥ የኖረ ስለሆነ ከእርሱ ጥሩ ዘረ መል ማውጣት ከባድ ነው፣ ቀለሙም እንደ ሕያው ዓሣ አይሆንም። በአንጻሩ ከዚያው ቦታ በአዲስ የተያዘ፣ ሕያው ሳለ ፎቶ የተነሣ፣ ለዘረ መል ጥናት በሚገባ የተቀመጠ ናሙና ለዚህ ወገን ጥናት ሁሉ መሠረት ይሆናል። ሌላም አለ። ዴገን ሲመጣ ባሕር ዳር ትንሽ መንደር ነበረች። ዛሬ ከተማው ዳር ድረስ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በጨረጨራ የተሠራው ግድብ ደግሞ ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል። በፈጣን ውሃ፣ በድንጋይ መካከል የሚኖር ዓሣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም እዚያው አለ ማለት ራሱን የቻለ ዜና ነው። አዲስ ዝርያ መሆን አያስፈልገውም።

አዲስ ዝርያ ሊሆን አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። ጣና በዚህ ረገድ ሰውን የሚያሳፍር ሐይቅ ነው። ትልልቆቹን የጣና ነጭ ዓሦች ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ በተለያየ ስም ጠራቸው፣ ቡላንዠም ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ መጣና እነዚህን ሁሉ መልኩ የሚለዋወጥ የአንድ ዝርያ ልዩነት አድርጎ በአንድነት ጠቀለላቸው። ከዚያ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በሐይቁ ዳር ቆይተው የዓሦቹን አፍ፣ ምግብና የመራቢያ ሁኔታ መርምረው እንደገና ከፋፈሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሥራ የጣና ላቤኦባርበሶች ከአሥር በላይ ዝርያዎች ሆነው ተቀመጡ። በዚያው ዓመት ኤንቴሮሚየስ ታናፔላጊየስ የተባለው ትንሽ ባርበስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጸ፤ ዓሣ አጥማጅ በየቀኑ በታንኳ በሚሻገርበት ውሃ ውስጥ የኖረ ዓሣ ነው። እንግዲህ አዲስ ነገር ይገኛል። የሚገኘው ግን ብዙ ናሙና ተለክቶ፣ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ ተለይቶ፣ ስም ከወጣላቸው ናሙናዎች ጋር ጎን ለጎን ተነጻጽሮ ነው። የነጠብጣብ ቅርጽ ብቻውን ለዚህ አይበቃም፤ የእንዲህ ዓይነት ዓሣ ቀለም እንደ ተኛበት ድንጋይ ይጨልማል፣ ይደምቃል። ልጆቹ የገንዳውን አሸዋ ከጥቁር ወደ ነጭ ለውጠው ቢያዩት ይህን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ወደ ሥራው ልለፍ። በመጀመሪያ ሦስት ፎቶ ይላኩልኝ፦ አንድ ከግራ ጎኑ፣ አንድ ከሆዱ በኩል ራሱ ብቻ በቅርበት፣ አንድ ከላይ፤ በሦስቱም ላይ ማስመሪያ አጠገቡ ይኑር። ከገንዳው አንዱን ለዚህ ከመረጡ ጥቂት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ አልኮል በጥብጠው ውሃው ውስጥ ይጨምሩ። ዓሣው ያንቀላፋል፣ አይሰቃይም፣ ክንፎቹንም ዘርግቶ ለማንሣት ይመቻል። ርዝመቱን ሲለኩ የጅራት ክንፉን አይጨምሩ፤ ከአፍንጫው ጫፍ ክንፉ እስከሚጀምርበት ድረስ ነው። ልኬትና ፎቶ ሁልጊዜ በግራ ጎን፣ ቁረጣ ደግሞ በቀኝ ጎን ይሁን፤ ይህ በሙያው የተለመደ ነው፣ አንድ ጎን ሳይነካ እንዲቀር ይረዳል።

አልኮል ውስጥ ያሉት ሁለቱ የሚያሳስቡኝ በአልኮሉ ዓይነት ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶው ዓሣውን ያቆያል፤ ለዘረ መል ግን ከ95 በመቶ ያላነሰ ይሻላል። የቀኝ የደረት ክንፉን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በትንሽ ብልቃጥ፣ በጠንካራ አልኮል ለብቻው ያስቀምጡ፤ ከአንድ ቀን በኋላ አልኮሉን ይለውጡት፣ ከዓሣው የወጣው ውሃ ያላላዋልና። አረቄ እንዳይሞክሩ፤ ለቡና ቤት የሚበቃ ጥንካሬ ለዘረ መል አይበቃም። ፎርማሊን አያስፈልግዎትም። አጥንትና ቅርጽ ለመጠበቅ ጥሩ ቢሆንም ዘረ መልን ያበላሻል፣ ጢሱም ለልጆች ሳንባ ጠንቅ ነው፤ እርሱን በተገቢው ቤተ ሙከራ ያለ ሰው ይሥራው።

ከአልኮሉም ከፎቶውም በላይ የምለምንዎት ስለ ወረቀቷ ነው። ቦታና ቀን የሌለው ናሙና ለእኔ የጠርሙስ ጌጥ ነው። በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይጠፋል። ወረቀቷንም ከውጭ አይለጥፏት፣ ብልቃጡ ውስጥ ከዓሣው ጋር ትግባ። «ዓባይ ወንዝ፣ ባሕር ዳር» ብቻ አይበቃም፤ ከግድቡ በላይ ወይስ በታች፣ በየትኛው ዳር፣ ድንጋይ ወይስ ጭቃ፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ወይስ እስከ ጉልበት፣ ፈጣን ወይስ የተኛ የሚለው ይኑርበት፣ ስልክዎ የሚያሳየውን የመገኛ ቁጥርም ይጨምሩበት። በተለይ ቀኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። 3/2/16 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል፤ አንባቢው ኢትዮጵያዊ ካልሆነ ወሩንም ይሳሳታል። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመቱን ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው ይጻፉ። ሰዓቱንም እንዲሁ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን በቃል።

ናሙናዎቹን ባሕር ዳር ወዳለው የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ክፍል ይውሰዷቸው። በቋሚነት እንዲቀመጡ ከተፈለገ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ። ውጭ አገር ያለ ሰው ክንፍ ላኩልኝ ቢላችሁ፣ ቅን ሰው ቢሆንም፣ በፖስታ አትላኩ። ስለ ጄኔቲክ ሀብት በወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ይህ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ የሚመለከተውም የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩቱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዓሣው ውጭ። ልጆቹን ይዘው ውሃ ውስጥ እንደገቡ ተረድቻለሁ። የጣና ዳር ቢልሃርዚያ ያለበት ነው፤ ቦት ጫማ ሳያደርጉ አይግቡ፤ ባዶ እግራቸውን የገቡትን ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩ። ከሐይቁ መውጫ በታች ጉማሬ እንዳለ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም፤ ግን ማታ ማታ አትሂዱ።

የቀሩት ሕያዋን ዓሦች ክፍል ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ፤ የለመዱት የሚፈስ፣ አየር የበዛበት ውሃ ነውና የአየር መንፊያው ሌሊትም አይጥፋ፣ የሚሸሸጉበት ጠፍጣፋ ድንጋይም ይግባላቸው። ምግባቸው ከወንዙ ድንጋይ ሥር የሚገኙት የነፍሳት እጮች ናቸው። ገንዳው ውስጥ ከገበያ የተገዛ የጌጥ ዓሣ አብሮ ኖሮ ከሆነ ወደ ወንዙ መመለስ አይቻልም፤ በሽታ ይዘው ይሄዳሉ። ለብቻቸው ከኖሩ ግን ሲበቃችሁ ወደ ወጡበት ድንጋይ ብቻ መልሷቸው፤ ወደ ሐይቁ ሌላ ዳርም ሆነ ወደ ሌላ ወንዝ አይሁን። ከመመለሳችሁ በፊት አንደኛውን ገልብጣችሁ አገጩን ማየት አትርሱ፤ አልኮል ውስጥ ያሉት ሁለቱና ገንዳው ውስጥ ያሉት ሦስቱ አንድ ዓይነት ዓሣ ስለመሆናቸው ገና አልነገሩኝም።